የዳለቻ ጨፌ ቆጠራ

በዳለቻ ሰፈር ኤልዳና፣ ሶሊያና ወይም ማክቤል የሚባል ሰው ካጋጠማችሁ ጡረታ የወጣ ለመሆኑ አትጠራጠሩ። ልጆቹ እነ ይፍቱሥራ፣ እነ ሐመልማል፣ እነ ወልደየስ ናቸው። ስምም እንደ ቀሚስ ነው፤ ፋሽኑ ያልፍበትና ሳጥን ውስጥ ከርሞ ተመልሶ ይመጣል።

ወይዘሮ ኤልዳና ስሟ ያረጀባት ሹሩባ ሠሪ ናት። ጠዋት ስትነሳ ክንዷ ላይ ያለው አምባር እንደምን አደሩ ይላታል። ምን ያህል እንደተኛች፣ ልቧ ሌሊቱን እንዴት ሲመታ እንዳደረ፣ ለዕለቱ ምን ያህል ውሃ እንደተፈቀደላት በተለሳለሰ ድምፅ ይዘረዝርላታል። ቤቱ አንድ ክፍል ስለሆነ የልጇ፣ የልጇ ባልና የሁለቱ ሕፃናት አምባሮችም በየተራ ያወራሉ። እነሱ ሲጨርሱ ሰው ማውራት ይጀምራል።

የተፈቀደው ውሃ ለመጠጥና ለማብሰል ነው፤ ለፀጉር ማጠቢያ የሚተርፍ የለም። ስለዚህ ኤልዳና ጀሪካኗን አንጠልጥላ ከሰፈሩ በላይ ወዳለው ጨፌ ትወጣለች። ከጨፌው ጥግ ምንጭ አለ። ከምንጩ የሚቀዳውን ውሃ ማንም አይቆጥረውም። በከተማው ውስጥ ሳይቆጠር የቀረ ነገር እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ለማያውቀው ሰው ዳለቻ ጨፌ ምንም አይደለም። ሣር፣ ደንገል፣ ጭቃና እንቁራሪት ነው። ክረምት ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ተቀብሎ ሆዱ ውስጥ ይይዝና በጋውን ሙሉ በምንጩ በኩል ጠብ ጠብ እያደረገ ይመልሳል። በከተማው ማስተር ፕላን ላይ አረንጓዴ ተቀብቷል። ከተማው በዙሪያው ያሉትን ትንንሽ ከተሞች አንድ በአንድ ሲውጥ እንዲህ አረንጓዴ የተቀቡ ቦታዎች ብዙ ነበሩ። ዛሬ ፕላኑን የሚያይ ሰው አረንጓዴውን ለማግኘት መነጽር ማድረግ አለበት።

ድሮ ጨፌው ሁለት ነበር። የታችኛው ተደፍኖ ሕንፃ በቆመበት በመጀመሪያው ክረምት፣ መግቢያ ያጣው ውሃ በአስፋልቱ ላይ ወርዶ የኤልዳናን ባል ጌዴዎንን ከነባጃጁ ወሰደው። ባጃጁ በማግስቱ ተገኘ፤ እሱ ግን ቆየ። በአምባሯ የመጣላት የማጽናኛ መልእክት «ውድ የቤተሰብዎ አባል» ይላል እንጂ ስሙን አልጠራም። ኤልዳና ከሁሉም በላይ ያቺን አትረሳትም።

እንግዲህ ላይኛው ጨፌ ላይ የመኖሪያ መንደር ሊገነባ መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ ተተክሎ ባየች ጠዋት ጀሪካኗን መሬት ላይ አስቀምጣ ቀጥ አለች። ሰሌዳው እጅግ ጨዋ ነበር። ጨፌው «እንደሚካካስ» ይገልጻል፤ በሌላ ከተማ፣ አንድ የገበያ አዳራሽ ጣሪያ ላይ፣ ደንገል በሳጥን ይተከላል። የእንቁራሪቶቹ ድምፅ ተቀርፆ ለወደፊት ነዋሪዎች በየምሽቱ በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። ቅሬታ ያለው ነዋሪ በሕዝብ ምክክሩ ዕለት እዚሁ ቦታው ድረስ መጥቶ መቃወም ይችላል።

ውሃውን ሳትቀዳ በቀጥታ ጋሽ ኪሩቤል ቤት ሄደች። ጋሽ ኪሩቤል ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማሩ፣ አሁን የሰፈሩ እድር ዳኛ የሆኑ ሰው ናቸው። ልባቸው ከታመመ ቆይቷል። ምላሳቸው ግን ፍጹም ጤነኛ ነው።

«አነበብሽው?» አሏት ገና በሩን ሳታልፍ።

«አነበብኩት ጋሼ። እንቁራሪቶቹን በድምፅ ማጉያ ሊያሰሙን ነው።»

«መልካም። እኔንም በዚያው ይቅረፁኝ። ይህ ሰፈር ያለኔ ንዝንዝ እንዴት ያመሻል?» ብለው አስቀመጧት። ከዚያ ቀልዱን ተዉ። «አሁን በደንብ ስሚኝ። የከተማው ቆጣሪ ማሽን ሰው አያውቅም፤ የሚያውቀው አምባር ነው። ምክክሩ ሲከፈት ጨፌውን በከበበው ችካል ውስጥ ያለውን አምባር በሙሉ አንድ ጊዜ ይቆጥራል። አንድ ጊዜ ብቻ። ከሰፈሩ ከግማሽ በላይ ሆነን ከተቃወምን ፕላኑ ይጸናል፤ አረንጓዴው አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። ካነስን ሕንፃው ይገነባል።»

«ማንም ካልተገኘስ?»

«ማንም ካልተገኘ ምክክር አልተካሄደም ይባልና ለሚመጣው ዓመት ይተላለፋል። አንድ ሰው እንኳ ከተገኘ ግን ተካሂዷል።»

«ታዲያ ሁላችንም ቤታችን ብንቀመጥስ? በየዓመቱ እያስተላለፍን ብንኖር?»

ጋሽ ኪሩቤል በአገጫቸው ወደ እሷ ቤት አቅጣጫ ጠቆሙ። «ከሰፈሩ ቤት እስኪደርሰው የሚጠብቅ አንድ ሰው የለም? እሱ አይሄድም?»

የኤልዳና ልጅ ሐመልማል ለቤት ዕጣ ከተመዘገበች ስንት ዓመቷ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ወጥተን እንቆጠር» አሉ። «በታችኛው ጨፌ ጊዜ ቤታችን ተቀምጠን ነው የተበላነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤልዳና ሹሩባ እየሠራች ሰው መመልመል ያዘች። ይህን ሥራ ከእሷ የተሻለ የሚሠራው አልነበረም። ጭንቅላቷ በሰው እጅ ውስጥ ያለች ሴት እምቢ ማለት ይከብዳታል፤ ተነስታ እንዳትሄድ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኗል። «ትመጫለሽ?» ትላለች ኤልዳና ፀጉሩን ሰብሰብ እያደረገች። «እመጣለሁ እማማ፣ እባክሽ አታጥብቂው» ትላለች ባለፀጉሯ። ባሎቻቸውን ደግሞ እነሱው ያመጣሉ።

ያልተመለመለችው የገዛ ልጇ ነበረች።

«እማዬ፣ እኛስ የት እንኑር?» አለቻት ሐመልማል አንድ ቀን፣ ሕፃናቱ በሌሉበት። «እንቁራሪት ቤት አለው። እኔ የለኝም።»

«አባትሽን የወሰደው ምን እንደሆነ ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። ያን ክረምት አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው አልሞተም፤ እሱንም አልረሳሁም።»

ልጅቷ ውሸት አልተናገረችም። እዚያች አንድ ክፍል ውስጥ ባልና ሚስት የሚነጋገሩት በሹክሹክታ፣ የሚጣሉትም በሹክሹክታ ነው፤ ይህን እናት በየሌሊቱ እየሰማች እንዳልሰማች ሆና ትተኛለች። ቤት ያስፈልጋል። ቤት ያስፈልጋል ማለትና ውሃ የሚያድርበትን ቦታ ደፍኖ ቤት መሥራት ግን ለእሷ አንድ አልሆነላትም። ይህን ለልጇ በቃል ማስረዳት አልቻለችም። እየተኮራረፉ ሰነበቱ።

እዚህ ላይ ስለ ዳለቻ እድር አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ ሌላ ሰፈር ይህ የለም። ከዓመታት በፊት ወይዘሮ ማክዳ የሚባሉ ሴት ሲቀበሩ፣ ፍትሐቱ እየተደረሰ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሳለ፣ ከሐዘንተኛው መሃል የአንዱ አምባር በድንገት «ጥልቅ እንቅልፍ ይሻሉ?» ብሎ ፍራሽ ማስተዋወቅ ጀመረ። ሰውየው አምባሩን ቢጫነው፣ በጋቢው ቢጠቀልለው አልዘጋ አለው። የሟች ልጆች እስከ ዛሬ ያን ሰው ሰላም አይሉትም። በማግስቱ ጋሽ ኪሩቤል እድሩን ሰብስበው ሕግ አወጡ፤ ለቅሶ የሚመጣ ሰው አምባሩን ድንኳኑ በር ላይ ካለው ቅርጫት ሳይጥል አይገባም፤ ቀብር ደርሶ እስኪመለስም አያነሳም። ሕጉን የጣሰ ከእድር ይወጣል። ከእድር የወጣ ሰው ሲሞት ማን እንደሚያነሳው አይታወቅም፤ ስለዚህ የጣሰ የለም። ዛሬ በዳለቻ ሕፃን እንኳ የእድሩን ጡሩምባ ሲሰማ እጁ ሳያስበው ወደ አምባሩ ይሄዳል።

የምክክሩ ቀን ሁለት ጊዜ ተቆርጦ ሁለት ጊዜ ተላለፈ። በመጀመሪያ ጋሽ ኪሩቤል ደረታቸውን ይዘው በተኙበት ሰሞን ለዓርብ ተባለ። ዓርብ ሳይደርስ ተሽሏቸው በር ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ታዩ፤ ቀኑም «ለነዋሪው ምቾት ሲባል» ተላለፈ። ቆይተው እንደገና አልጋ ያዙ፤ እንደገና ቀን ተቆረጠ፤ እንደገና ተነሱ፤ እንደገና ተላለፈ። ሰፈሩ ዕድል ነው አለ።

«የከተማው ጽሕፈት ቤት ሥራ ትዝ የሚለው እኔን ሲያመኝ ነው» ብለው ጋሽ ኪሩቤል ቀለዱ። ሁሉም ሳቀ። ኤልዳናም ሳቀች።

በሦስተኛው ቀጠሮ ግን ሳቁ አለቀባት። ሰው በመጠባበቅ እየሰለቸ፣ እመጣለሁ ብለው ቃል የገቡትም እየላሉ ነበር። ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄዳ ምክክሩን የምትመራውን ባለሙያ አገኘቻት። ይፍቱሥራ ትባላለች፤ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ትሁት፣ እንግዳ ሲገባ ከወንበሯ የምትነሳ ሴት ናት።

«ይሄ ቀን አሁንም ይለወጣል?» አለቻት ኤልዳና።

«አላውቅም እናቴ። ቀኑን የሚመርጠው ቆጣሪው ነው። እኔ የምነግራችሁ የመረጠውን ነው።»

«በምን ይመርጣል?»

«ምቹ ቀን ይፈልጋል።»

«ምቹ ለማን?»

ይፍቱሥራ ትንሽ አሰበች። እንደማትቀልድባት ከፊቷ ያስታውቅ ነበር። «እሱን ጠይቄው አላውቅም» አለች።

ከጽሕፈት ቤት ስትመለስ ጋሽ ኪሩቤል አልጋ ላይ ናቸው አሏት። ፊታቸው አመድ መስሏል። ቀልዱ ግን አልተለያቸውም፤ ትንፋሽ እያጠራቸውም ቢሆን እስከ መጨረሻው ይዘውት ነበር።

«ቀጠሮው ነገ ነው አይደል?» አሏት።

«ነገ ነው። እርስዎ ይረፉ። እኛ እንበቃለን።»

«አንቺ፣ ማረፉማ ይደርሳል። አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ።» ክንዳቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡ፤ አምባሩ በከሳው አንጓቸው ላይ ላልቷል። «እንዳታወልቁብኝ። ብሞትም ወደ ሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ በጨፌው በኩል ነው። ይዛችሁኝ እለፉ። በአንድ ሰው ብንበለጥ እኮ ያ አንድ ሰው እኔ እሆናለሁ። ልቆጠር።»

«እንዲህ አይበሉ ጋሼ።»

«ቃል ግቢልኝ አልኩሽ።»

ቃል ገባችላቸው። እጃቸውን ይዛ ቆየች፤ ቀዝቃዛ ነበር። የጂኦግራፊ መምህሩ፣ የቆጣሪውን ደንብ አንድ በአንድ የሚያውቁት ሰው፣ ራሳቸው ያወጡትን የእድር ሕግ በዚያች ሰዓት አላስታወሱም። እሷም አላስታወሰችም።

ጎህ ሲቀድ ጡሩምባው ተነፋ።

ድንኳኑ ተተከለ፣ ቅርጫቱ በሩ ላይ ተቀመጠ። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ጋቢውን ተከናንቦ እየመጣ አምባሩን ከቅርጫቱ እየጣለ ገባ። ሐመልማልም መጣች። ጋሽ ኪሩቤል ያስተማሯት ናቸው፤ ቤት ይሰጠኝ ብላ ለቅሶ አትቀርም። አምባሯን ጥላ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ። ኩርፊያው በዚያው ተረሳ።

ውስጥ ገናዦቹ ሬሳውን ሲያዘጋጁ አንደኛው አምባሩን ሊፈታ እጁን ሰደደ። «ተዉት» አለች ኤልዳና ከበሩ። «የሟች ቃል ነው።» ተዉት። ከነአምባራቸው ተገነዙ።

ሬሳው ሊወጣ ሲል ነው የምክክሩ ነገር የተነሳው። ባምላክ የሚባል፣ የእድሩን ድንኳን የሚተክለው ጎልማሳ፣ «ሰው ሞቶ ስብሰባ ልትወስጂን ነው?» ብሎ ተቆጣ። ብዙዎች ከእሱ ጋር ሆኑ።

ኤልዳና ተነስታ ቆመች። በሕዝብ ፊት መናገር አትወድም፤ የለመደችው ከጭንቅላት በላይ ሆኖ ማውራት ነው። «ስብሰባ አልወስዳችሁም» አለች። «ቀብር ነው የምንሄደው። መንገዳችን በጨፌው ነው። ሳጥኑን ትንሽ አሳርፈን፣ አንድ ቃል ተናግረን እናልፋለን። የሄድነው ጋሼን ልንሸኝ ነው፤ የጠየቁንም እሳቸው ናቸው።»

እንዲህ ሲሆን ለሁሉም ቀለለው። ለቅሶውም አልተጓደለ፣ ጨፌውም አልተተወ። ባምላክ ራሱ የሳጥኑን ፊት ተሸከመ። ዳለቻ በሙሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ ከድንኳኑ ወጥቶ ወደ ላይ ጎረፈ። ቅርጫቱ ባዶ ድንኳን ውስጥ ቀረ። ይህን ያስተዋለ አንድ ሰው አልነበረም፤ ዓመታት ሲያደርጉት የኖሩትን ነው ያደረጉት።

ይፍቱሥራ በጎማ ቦት ጫማ ጭቃው ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። አጠገቧ በእግር የቆመ ሰሌዳና ትንሽ ጥላ አለ። ሕዝቡ ሳጥኑን ይዞ ወደ ችካሉ ሲገባ አይታ ጥላውን አጠፈች፣ አንገቷንም ደፋች። ሳጥኑን ሣሩ ላይ አሳረፉት። የችካሉ ውስጥ ሞላ። ኤልዳና ዞር ብላ ስታይ የሰፈሩ ሰው እስከ ደንገሉ ድረስ ቆሟል፤ ግማሽ ቀርቶ የጎደለ የለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ቀን ልቧ ሞልቶ አያውቅም። እንቁራሪቶቹ ይንጫጫሉ። አሸንፈናል አለች በልቧ።

ሰሌዳው በራ። ድምፁ ያው በየጠዋቱ የምታውቀው የተለሳለሰ ድምፅ ነው።

«የዳለቻ ጨፌ የሕዝብ ምክክር ተከፍቷል። ነዋሪዎች ተቆጥረዋል። የተገኙ ነዋሪዎች፦ አንድ።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንዳንዱ የሰማውን አላመነም። ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት የገዛ አንጓዋን ቀና አድርጋ አየችው። አጠገቧ ያለውም አየ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ አንድም አምባር የለም፤ ባዶ ክንድ ብቻ ነው። ባምላክ ጋቢውን ጥሎ ወደ ድንኳኑ ቁልቁል ሮጠ።

«አንድ ይላል» አለች ይፍቱሥራ ግራ ተጋብታ። ሰሌዳው ላይ ያለውን ስም አነበበች። «አቶ ኪሩቤል ደስታ። የትኛው ናቸው?»

ሁሉም ሳጥኑን አየ። እሷም አየች።

«አቶ ኪሩቤል ደስታ» አለ ድምፁ፣ «ግንባታውን ይቃወማሉ?»

እንቁራሪቶቹ ብቻ ናቸው የሚሰሙት።

«እንቃወማለን» አለች ኤልዳና። ሌሎቹም ተቀበሏት፤ ጨፌው በአንድ ድምፅ ተሞላ። ሴቶቹ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ሐመልማል ሳትቀር፣ እንቃወማለን አሉ። ድምፁ ታግሶ ጠበቃቸው። ሲያበቁ ለሁለተኛ ጊዜ፣ በዚያው ልስላሴ፣ «አቶ ኪሩቤል ደስታ፣ ግንባታውን ይቃወማሉ?» አለ።

«ሞተዋል እኮ» አለች ኤልዳና ለይፍቱሥራ። «ልጄ፣ ንገሪው። ሞተዋል በይው።»

«ሞት የሚመዘገበው ከቀብር በኋላ ነው» አለች ይፍቱሥራ። «እስከዚያ ነዋሪ ናቸው። የልብ ምቱን ካጣ ደግሞ የአምባር ብልሽት ነው ብሎ ያልፈዋል።»

«እኛንስ? አታይንም?»

«አያችኋለሁ። ሁላችሁንም አያለሁ እናቴ። የእኔ ማየት ግን የሚገባበት ቦታ የለም።»

«ተቃውሞ አልቀረበም» አለ ሰሌዳው። «ምክክሩ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል። ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን።»

ባምላክ ቅርጫቱን ተሸክሞ ሲደርስ ሰሌዳው ጠፍቷል። ተደናቅፎ ወደቀና አምባሮቹ ጭቃው ላይ ተበተኑ። ከመሬት ሆነው ሁሉም አንድ ላይ ማውራት ጀመሩ፤ እንደምን ዋሉ፣ የዛሬ የውሃ ድርሻዎ፣ ጥልቅ እንቅልፍ ይሻሉ። ሰው ጎንበስ ብሎ የራሱን ለመፈለግ አቅም አጣ።

«ለምን ዛሬን መረጠ?» አለች ኤልዳና። የጠየቀችው ይፍቱሥራን ነው፤ መልሱ ግን ራሷም ውስጥ እየመጣ ነበር።

ይፍቱሥራ ያን ጊዜ ያልጠየቀችውን አሁን ቆጣሪውን ጠየቀች፤ የመለሰላትንም ነገረቻት። «ሰፈራችሁ አንዳንድ ቀን ይጠፋል ይላል። ሁሉም አምባር በአንድ ጊዜ ባለበት ይቀመጣል፤ ለሰዓታት ማንም አይንቀሳቀስም። ለምን እንደሆነ አያውቅም። መቼ እንደሚሆን ግን ያውቃል። አንድ ሽማግሌ ልቡ ሲደክም ነው።»

ሁለቱ የተላለፉ ቀጠሮዎች በኤልዳና ፊት ተደቀኑ። ዓርቡ፣ ከዚያ የቀጠለው፣ ጋሼ በር ላይ ሆነው ፀሐይ የሞቁባቸው ጠዋቶች። ቆጣሪው ተንኮል አልሠራም፤ ተንኮል የሚያውቅ ነገር አይደለም። የጋሽ ኪሩቤልን ልብ እያዳመጠ ምቹ ቀን ሲጠብቅ ነበር። የከፋው ደግሞ ሌላ ነው፤ ከሁሉም በላይ የከፋው። ያ አምባር ከሌሎቹ ጋር ቅርጫት ውስጥ ቢቀር ኖሮ የተገኘ የለም ተብሎ ለሚመጣው ዓመት ይተላለፍ ነበር። «ተዉት» ያለችው እሷ ናት።

ሣሩ ላይ፣ ሳጥኑ አጠገብ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ምን አደረግሁዎት» አለች። ሐመልማል አጠገቧ ተንበርክካ ትከሻዋን ያዘች። ማንም ማንንም አልወቀሰም፤ ለወቀሳ የሚበቃ ጉልበት ያለው አልነበረም። ሬሳ ስለማይከርም ሳጥኑን አንስተው ወደ ሩፋኤል ሄዱ። ቀበሯቸው። ከቀብሩ በኋላ ሞታቸው ተመዘገበ።

ዛሬ ሕንፃ ለመቆም ዓመታት አይፈጅበትም። ደንገሉ ተነቀለ፣ አፈር ተደፋ፣ ማሽኖቹ ቀን ከሌት ሠሩ፤ ምንጩ በጋው ሳይጋመስ ደረቀ። ኤልዳና ፀጉር ማጠብ አቆመች። ባለፀጉሮቹ ቤታቸው ታጥበው ይመጣሉ፣ ወይም ሳይታጠቡ ይመጣሉ። ደንበኛ ቀነሰ፤ ወሬም ቀነሰ። «ትመጫለሽ?» ብላ የምትጠይቀው ነገር አልነበራትም።

መንደሩ ሲመረቅ ስም ወጣለት። በደንቡ መሠረት ስያሜው በምክክሩ ለተሳተፈ የአካባቢው ነዋሪ መታሰቢያ ይሆናል፤ የተሳተፈው ደግሞ አንድ ሰው ነው። «ኪሩቤል የመኖሪያ መንደር» ተብሎ በትልቅ ፊደል በሩ ላይ ተጻፈ፤ ማታ ማታ ይበራል። ከኤልዳና ቤት በር ላይ ሆኖ ማንበብ ይቻላል።

ሐመልማል ዕጣ ወጣላት። አራተኛ ፎቅ ነው። ቁልፉን የተቀበለች ቀን ለእናቷ መንገር ፈርታ ሁለት ቀን ደበቀችው። ሲገቡ ኤልዳና ሕፃናቱን ሳመች፣ ልጇን መረቀች፤ አብረሽን ነይ ሲሏት ግን እምቢ አለች። «እኔ እዚሁ ነኝ» አለች። ሐመልማል አላስጨነቀቻትም።

ክረምቱ ገባ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዝናቡ ልክ ነበረው። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ተራራው ጠቆረና ዶፉ ወረደ። ውሃው የሚያድርበት አጥቶ በአዲሱ መንደር ኮንክሪት ላይ ተንሸራቶ፣ በሁለት ሕንፃዎች መሃል ተጠራቅሞ፣ ወደ ዳለቻ ሰፈር ወረደ። ኤልዳና ከበሩ ስር ሲገባ አየችው። ቡናማ ነበር፤ ቀስ ብሎ ነው የገባው። አምባሯ በተለሳለሰ ድምፅ «በአካባቢዎ ከፍተኛ ውሃ አለ፤ ወደ ከፍታ ቦታ ይሂዱ» አላት። ማበጠሪያዋን፣ የጌዴዎንን ፎቶና የሕፃናቱን ልብስ በአንሶላ ቋጥራ ወጣች። ውሃው ጉልበቷ ደርሷል። ባምላክና ሌሎቹ አሮጊቶችን በጀርባቸው ተሸክመው እየወጡ ነበር። ከፍታ ቦታ ያለው አንድ ነው፤ ሁሉም ወደዚያው ይሄዳል።

በሩ ላይ ስትደርስ ጨለምለም ብሎ ነበር። ከላይዋ ስሙ በርቷል። ከሕንፃዎቹ ጥግ ጥግ፣ በዝናቡ መሃል፣ እንቁራሪቶች ይንጫጫሉ፤ የዚያን ጊዜዎቹ፣ ያው ድምፅ፣ በየምሽቱ በሰዓቱ። ቆማ አዳመጠቻቸው። ከፎቁ ሐመልማል እማዬ እያለች ትጮኻለች፣ ሕፃናቱም በመስኮት እጃቸውን ያወዛውዛሉ።

በሩ አልተከፈተም። አምባሯን ፈልጎ ነው። ክንዷን ከርጥቡ ነጠላ ውስጥ አውጥታ ዘረጋችለት።

«እንኳን ወደ ኪሩቤል በደህና መጡ» አላት ድምፁ። «ተቆጥረዋል። ይግቡ።»